የሪሊዙ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

አንድ ፕሮግራመር ለወራት የደከመበት የኮማንድ ላይን መሣሪያ ለሕዝብ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ተርሚናሉን ይከፍታል፣ በኮዱ ላይ አዲሱን የስሪት ቁጥር የያዘ መለያ ይለጥፋል፣ የኮድ ማስቀመጫ ወደሆነው ወደ ጊትሀብ ይልከዋል። የእሱ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። የቀረውን የሚሠራው በአንድ የመረጃ ማዕከል ውስጥ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የሚነሳ ባዶ ኮምፒውተር ነው። ኮዱን ያወርዳል፤ ሙከራዎቹን ያካሂዳል፤ ለሊኑክስ፣ ለማክና ለዊንዶውስ፣ በእያንዳንዳቸውም ለኢንቴልና ለአርም ፕሮሰሰሮች፣ በድምሩ ስድስት ፕሮግራሞች ይገነባል። አንድ በአንድ ያሽጋቸዋል፣ ቼክሰማቸውን (የፋይል አሻራቸውን) ያሰላል፣ ካለፈው ስሪት ወዲህ ምን እንደተቀየረ ከኮዱ ታሪክ ለቅሞ ይጽፋል፣ የዴቢያንና የፌዶራ ፓኬጆችን ያዘጋጃል፣ በማክ ተጠቃሚዎች ዘንድ የታወቀውን የሆምብሩን መዝገብ ያድሳል። ከደቂቃዎች በኋላ ያ ኮምፒውተር ይጠፋል፤ ፕሮግራሙን ግን በየትኛውም አገር ያለ ሰው በአንድ መስመር ትዕዛዝ መጫን ይችላል።

ከአሥር ዓመት በፊት ይህ በአብዛኛው የሰው እጅ ሥራ ነበር። አሁን በብዙ የክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች ዘንድ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የማዘዣ ፋይል ይሠራዋል። ነገሩ ድካምን የመቀነስ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሙያው ሰዎች መካከል በቀረ ነበር። ግን የባንክ፣ የሆስፒታልና የመንግሥት ሰርቨሮች የሚንቀሳቀሱት በእነዚህ ትንንሽ መሣሪያዎች ላይ ተደግፈው ነው። ስለዚህ ሶፍትዌር የማውጣት ሥልጣን ከማን እጅ ወጥቶ ወደ ማን እጅ እንደገባ ማወቅ ኮድ ጽፎ ለማያውቀው ሰውም ይጠቅማል።

በእጅ ሲሠራ

ፓኬጅ ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኢያን መርዶክ የመሠረተው የዴቢያን ፕሮጀክት፣ ፕሮግራሙን የሚጽፈውን ሰው ፕሮግራሙን አሽጎ ለተጠቃሚ ከሚያደርሰው ሰው ለየ። ጸሐፊው ኮዱን በአንድ የታሸገ ፋይል ያወጣል፤ የዴቢያን በጎ ፈቃደኛ ያንን ወስዶ፣ ከሥርዓቱ ጋር እንዲስማማ አርሞ፣ የትኞቹን ሌሎች ፓኬጆች እንደሚፈልግ መዝግቦ፣ በራሱ ቁልፍ ፈርሞ ይልካል። በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 በዚህ መንገድ የተሰናዱ ከ64,000 በላይ ፓኬጆች ይዟል።

ሆኖም ሁሉም ፕሮግራም ዴቢያን ውስጥ እስኪገባ አይጠብቅም። በ2009 ማክስ ሃወል የጀመረው ሆምብሩ ለማክ ተጠቃሚዎች አጭር መንገድ ከፈተ፤ ለፕሮግራመሩ ግን የራሱን ሥራ ጨመረበት። የሆምብሩ ፎርሙላ በሩቢ ቋንቋ የተጻፈ አጭር ፋይል ነው። በውስጡ ኮዱ የሚገኝበት አድራሻ እና የኮዱ ፋይል ቼክሰም፣ ማለትም 64 ፊደላትና አኃዞች ያሉት አሻራ፣ ይቀመጣሉ። አዲስ ስሪት በወጣ ቁጥር ሁለቱም መቀየር አለባቸው። ፕሮግራመሩ አሻራውን መዝግቦ ከጨረሰ በኋላ አንዲት ስህተት አይቶ ፋይሉን እንደገና ቢያሽግና አሻራውን ማደስ ቢረሳ፣ መሣሪያውን ለመጫን የሞከረ ሰው ሁሉ «አሻራው አይገጥምም» የሚል መልእክት ይገጥመዋል።

ይህ ቢያንስ የሚታይ ስህተት ነው። የማይታየው ይብሳል። ሪሊዙ፣ ማለትም ለሕዝብ የሚወጣው ስሪት፣ በፕሮግራመሩ ላፕቶፕ ላይ ሲገነባ፣ ላፕቶፑ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ሳይታወቅ አብሮ ሊገባ ይችላል፦ ገና ያልተመዘገበ የኮድ ለውጥ፣ ጊዜው ያለፈበት ላይብረሪ፣ ባለቤቱ የማያውቀው ቫይረስ። ፕሮግራሙ በይፋ ከተቀመጠው ኮድ መሠራቱን ተጠቃሚው የሚያረጋግጥበት መንገድ የለም። ያለው አማራጭ ሰውየውን ማመን ብቻ ነው።

ማዘዣው ሲመጣ

ይህን ሁኔታ የለወጡት በተቀራራቢ ጊዜ የመጡ ሦስት ነገሮች ናቸው። በኦገስት 2015 የጎ ቋንቋ ስሪት 1.5 ሲወጣ፣ ሊኑክስ ላይ ተቀምጦ ለዊንዶውስና ለማክ ፕሮግራም መገንባት ሁለት ቃላትን የመቀየር ያህል ቀለለ። በ2016 መጨረሻ ላይ ብራዚላዊው ፕሮግራመር ካርሎስ ቤከር ጎሪሊዘር የተባለውን መሣሪያ ጀመረ። በኖቬምበር 2019 ደግሞ ጊትሀብ አክሽንስ ለሁሉም ተከፈተ፤ ኮዳቸውን በይፋ ላስቀመጡ ፕሮጀክቶች የመገንቢያ ኮምፒውተሩን በነጻ አቀረበ።

የጎሪሊዘርን ማዘዣ ፋይል ከፍቶ ያነበበ ሰው ሥራው እንዴት እንደተቀየረ ወዲያው ይገባዋል። በአንዱ ክፍል የሚፈለጉት ኦፕሬቲንግ ሲስተሞችና ፕሮሰሰሮች ይዘረዘራሉ። በሚቀጥለው ክፍል የዊንዶውሱ በዚፕ፣ የሌሎቹ በታር እንዲታሸግ ይታዘዛል። የቼክሰሙ ፋይል ስም ይሰየማል። የለውጦች ዝርዝር ሲዘጋጅ የሰነድ እርማት ብቻ የሆኑት እንዲዘለሉ ይነገረዋል። ከዚያ የሆምብሩ መዝገብ የት እንዳለ ይጠቀሳል፤ አሻራውን እየገለበጠ የሚጽፍ ሰው ከእንግዲህ አያስፈልግም። ጊትሀብ የራሱን የኮማንድ ላይን መሣሪያ የሚያወጣው በዚሁ በጎሪሊዘር ነው። በረስት ቋንቋ የሚጽፉት ካርጎ ዲስት የተባለ ተመሳሳይ መሣሪያ አላቸው። በጃቫስክሪፕት ዓለም ያለው ሴማንቲክ ሪሊዝ ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ፣ ፕሮግራመሮቹ ለውጥ ሲመዘግቡ የጻፉትን ማስታወሻ አንብቦ ቀጣዩ የስሪት ቁጥር ስንት መሆን እንዳለበት ራሱ ይወስናል።

ጥቅሙ ከጊዜ ቁጠባ ይበልጣል። በእጅ የሚሠራ ሪሊዝ አድካሚ ስለሆነ ይዘገያል፤ የደኅንነት እርማት ተጽፎ ካለቀ በኋላ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ሥራው በአንድ ትዕዛዝ ሲያልቅ እርማቱ በዚያው ቀን ይወጣል። ሌላም አለ፦ የአሠራሩ እውቀት ከአንድ ሰው ጭንቅላት ወጥቶ ማንም ሊያነበው በሚችል ፋይል ላይ ሰፍሯል። ዋናው ፕሮግራመር ቢታመም ወይም ፕሮጀክቱን ቢተው፣ የሚተካው ሰው ከዜሮ አይጀምርም።

ሁለት ዓይነት ስርቆት

ነገር ግን ማሽኑ በሰው ስም እንዲያትም ቁልፍ ያስፈልገዋል። ለዓመታት ይህ ቁልፍ ቶክን የሚባል ረጅም የይለፍ ቃል ነበር፤ ፕሮግራመሩ ከፓኬጅ መዝገቡ ወስዶ በጊትሀብ ምስጢር ማስቀመጫ ውስጥ ይከተዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ቶክኑ ግን አይረሳም። ከሁለት ዓመት በኋላ እጁ የገባ ሰው በፕሮጀክቱ ስም የፈለገውን ማተም ይችላል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ድሮ በእጅ ሲሠራ አይሻልም ነበር?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። በቅርብ ዓመታት የደረሱትን ጥቃቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት መልሱን ያጠራዋል።

ማርች 29፣ 2024 የማይክሮሶፍት መሐንዲስና የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ፕሮግራመር የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ፣ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ መሣሪያ ውስጥ የጓሮ በር ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ወደ ጥርጣሬ የመራው ነገር ጥቂት ነበር፦ በኤስኤስኤች ወደ ሰርቨር ለመግባት ሲሞክር፣ ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ይወስድ የነበረው ስምንት አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ሆነበት። ተንኮሉን የሠራው «ጂያ ታን» በሚል ስም ከ2021 ጀምሮ ፕሮጀክቱን በትሕትና ሲያገለግል ቆይቶ፣ የደከመውን ብቸኛ ጠባቂ እምነት አግኝቶ፣ ሪሊዝ የማውጣት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ወይም ቡድን ነው። አፈጻጸሙ ልብ ሊባል ይገባዋል። የተንኮሉ አካል በይፋው ኮድ ውስጥ የሙከራ ፋይል መስሎ ተቀምጦ ነበር፤ ያንን የሚያነቃው ትንሽ የግንባታ ስክሪፕት ግን በይፋው ኮድ ውስጥ አልነበረም። የተገኘው በእጅ ታሽጎ በወጣው የሪሊዝ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው። ኮዱን በጊትሀብ ላይ መስመር በመስመር ያነበበ ሰው ሙሉውን ወጥመድ ሊያይ አይችልም ነበር።

ጥቃቱ የተደበቀው በይፋው ኮድና በታሸገው ፋይል መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው፤ ይህን ክፍተት ጠብቆ ያቆየው ደግሞ በእጅ የማሸግ ልማድ ነው። የፕሮጀክቱ ባለሥልጣን ራሱ ተንኮለኛ ሲሆን ማሽን ብቻውን አያድንም። ሆኖም ማሸጊያው በይፋ በሚታይ ማዘዣ ቢሠራ ኖሮ፣ ስክሪፕቱ ሰው ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ለመቀመጥ ይገደድ ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት ስርቆት ማሽኑ ላይ የሚደርሰው ነው። በማርች 2025 «ቲጄ አክሽንስ» በሚል ስም የሚወጣ፣ የተቀየሩ ፋይሎችን የሚለይ ትንሽ የጊትሀብ አክሽንስ አጋዥ ተጠለፈ። ከ23,000 በላይ ፕሮጀክቶች ይጠቀሙበት ነበር። አጥቂዎቹ አዲስ ስሪት አላወጡም፤ የነባሮቹን ስሪቶች መለያዎች አንስተው ወደ ተበከለ ኮድ እንዲያመለክቱ አደረጉ። አጋዡን በስሪት ቁጥሩ የጠሩ ማዘዣዎች ሁሉ ሳያውቁ የተበከለውን አስኬዱ። የተበከለው ኮድ ደግሞ በማሽኑ ትውስታ ውስጥ ያገኛቸውን ቁልፎች በሥራው መዝገብ ላይ ዘርግፎ ይጽፍ ነበር፤ በይፋ በተቀመጡ ፕሮጀክቶች ይህን መዝገብ ማንም ከፍቶ ማንበብ ይችላል።

ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 2024፣ በምስል መለያ ሥራ በሰፊው የሚያገለግለው የአልትራሊቲክስ የፓይተን ፓኬጅ የባሰ ትምህርት ሰጥቷል። አጥቂዎቹ የውጭ ሰው ባቀረበው የለውጥ ጥያቄ በኩል ገብተው፣ የግንባታ ማሽኑ ጊዜ ለመቆጠብ ያስቀመጠውን ጊዜያዊ ክምችት በከሉ። የጊትሀቡ ኮድ ንጹሕ ሆኖ ሳለ የወጡት ስሪቶች 8.3.41 እና 8.3.42 በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ክሪፕቶ የሚያመርት ፕሮግራም ይዘው ነበር። ፕሮጀክቱ አጽድቶ ሥራውን ሲቀጥል ደግሞ ሌሎች ሁለት የተበከሉ ስሪቶች ወጡ። እነዚህ የመጡት በማዘዣው በኩል አይደለም፤ ከቀድሞው ዘመን ሳይሻር በቀረ አሮጌ ቶክን ነው።

እነዚህ ጥቃቶች አንድ ላይ ሲታዩ የእጅና የማሽን ክርክር ቦታውን ይለቃል። በኤክስዜድም በአልትራሊቲክስም የወጣው ፋይልና የሚታየው ኮድ ተለያይተዋል። ልዩነቱ ያለው በምርመራው ላይ ነው። የአልትራሊቲክስ ሪሊዝ ዱካውን መዝግቦ በሚተው አሠራር ስለተሠራ፣ የትኛው ስሪት በየትኛው በር እንደገባ በቀናት ውስጥ ተለየ። በእጅ በሚሠራበት ላፕቶፕ ላይ እንዲህ ያለ ዱካ አይኖርም።

ዱካ የሚተው አሠራር

ለቁልፉ ችግር የፓይተን ፓኬጆች መዝገብ የሆነው ፓይፒአይ በኤፕሪል 2023 መልስ አቅርቧል። በዚህ አሠራር ፕሮግራመሩ ቶክን አያስቀምጥም፤ «ከዚህ ፕሮጀክት፣ በዚህ የማዘዣ ፋይል በኩል የመጣውን ተቀበል» ብሎ መዝገቡ ላይ ያስመዘግባል። ማሽኑ ሥራውን ሲጀምር ጊትሀብ ማንነቱን የሚገልጽ የተፈረመ ማስረጃ ይሰጠዋል፤ ፓይፒአይ ማስረጃውን አይቶ በ15 ደቂቃ ውስጥ የሚሞት ቁልፍ ይሰጠዋል። የሩቢ፣ የረስትና የጃቫስክሪፕት መዝገቦችም በየተራ ይህንኑ አሠራር ተከትለዋል። ነገ ከነገ ወዲያ የሚሰረቅ ነገር ስለሌለ፣ የሌባው ዕድል ወደ እነዚያ ደቂቃዎች ጠብቧል።

ሁለተኛው መልስ የትውልድ ማስረጃ ነው። በ2021 የተጀመረው ሲግስቶር፣ አንድ ፋይል የትኛው ማዘዣ፣ ከየትኛው የኮድ ስሪት እንደሠራው ፈርሞ ማንም ሊሰርዘው በማይችል የሕዝብ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ቡና ገዢ ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ የሚነግረውን ከረጢት ሲመርጥ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ተጠቃሚው ያወረደውን ፋይል ከመጫኑ በፊት መነሻውን በአንድ ትዕዛዝ መጠየቅ ይችላል። ጊትሀብ ከ2024 ጀምሮ ይህን አገልግሎት ኮዳቸውን በይፋ ላስቀመጡ ፕሮጀክቶች ሁሉ አቅርቧል።

ሦስተኛው ይከብዳል፤ ዋጋውም ከሁሉ ይበልጣል። ከ2013 ጀምሮ የዴቢያን በጎ ፈቃደኞች ከአንድ ኮድ ሁለት ጊዜ የተገነባ ፕሮግራም ባይት በባይት አንድ እንዲሆን ሲታገሉ ቆይተዋል። የሚያሰናክሏቸው ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፦ በፋይሉ ውስጥ የሚታተም የግንባታ ሰዓት፣ የፋይሎች ቅደም ተከተል፣ የገንቢው ፎልደር ስም። እነዚህ ሲወገዱ ግን ማንንም ማመን አያስፈልግም። በሌላ አገር ያለ ሌላ ሰው ያንኑ ኮድ ገንብቶ አሻራዎቹን ማወዳደር ይችላል፤ ካልገጠሙ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ከመሣሪያዎቹ ጎን መጠበቅ ያለበት ሌላ ነገር ደግሞ ዝግታ ነው። የተበከለው ኤክስዜድ የዴቢያንን የሙከራ ቅርንጫፎችና የፌዶራን የቅድመ ዕይታ ስሪቶች ደርሶ ነበር፤ ሚሊዮኖች የሚጠቀሙበትን የተረጋጋውን ዴቢያን ግን አልደረሰም። ፓኬጅ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ከመሸጋገሩ በፊት ለቀናት ይቆያል፣ ወደ ተረጋጋው ለመድረስ ደግሞ ወራትና ዓመታት ይፈጃል፤ ጥቃቱ ሲጋለጥ ገና በመንገድ ላይ ነበር። በአንጻሩ በሴፕቴምበር 2025 በጃቫስክሪፕቱ መዝገብ በኤንፒኤም ላይ የተዛመተው ሻይ ሁሉድ የተባለ ተባይ፣ የሰረቃቸውን ቶክኖች እየተጠቀመ ራሱን በማተም ከ500 በላይ ፓኬጆችን በክሏል። እዚያ የወጣው ፓኬጅ በሰከንዶች ውስጥ ለዓለም ይደርሳል፤ መሐል የሚያቆመው ሰው የለም። ፒኤንፒኤም የተባለው መጫኛ በዚያው ወር ከወጣ የተወሰነ ጊዜ ያልሞላውን ስሪት አልጭንም የሚል ምርጫ አክሏል። ሪሊዝ በማውጣት የተገኘው ፍጥነት በመጫን ላይ ጥቂት ትዕግሥት ቢጨመርበት ማንንም አይጎዳም።

ፕሮግራመሩ ራሱ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮችም አሉ፣ ሁሉም ነጻ ናቸው። በማዘዣው ውስጥ የሌሎችን አጋዦች ሲጠራ በስሪት ስማቸው ሳይሆን በማይለወጠው 40 ፊደላትና አኃዞች ባሉት የኮድ መለያቸው መጥራት፤ የሚሞክረውን ማሽን ከሚያትመው ማሽን መለየት፤ ከማተሙ በፊት አንድ ሰው «ቀጥል» ብሎ እንዲያጸድቅ ማድረግ፤ አሮጌ ቶክኖችን መሻር። ከእነዚህ የመጀመሪያውን ያደረጉ ፕሮጀክቶች በቲጄ አክሽንስ መለያዎች መነሳት አልተጎዱም።

የማን ቤት ውስጥ?

በነጻ የማይገኝም አለ። ማክ የማያውቀውን ፕሮግራም ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲከፍት አፕል ፕሮግራመሩን በዓመት 99 ዶላር ያስከፍላል። ለአዲስ አበባው ወጣት ፕሮግራመር ከገንዘቡ መጠን ይልቅ በውጭ ምንዛሪ ካርድ መከፈሉ ይከብዳል። የተቀረው ሁሉ፣ ከመገንቢያ ኮምፒውተሩ እስከ ትውልድ ማስረጃው፣ ለእሱም ለሳን ፍራንሲስኮው ባልደረባውም እኩል ክፍት ነው። ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው ሰርቨር ሳይከራይ ሥራውን እንደ ትልቅ ኩባንያ አሽጎ ማውጣት መቻሉ በዚህ ለውጥ ውስጥ ካሉት ትልልቅ ድሎች አንዱ ነው።

ይህ ነጻ አገልግሎት ግን ባለቤት አለው። ማይክሮሶፍት በ2018 ጊትሀብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ ጊትሀብ በ2020 ኤንፒኤምን ጠቀለለ። አንድ የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ኮዱ የሚቀመጥበት፣ የሚገነባበትና የሚታተምበት ቦታ የአንድ ኩባንያ ቤት ሊሆን ይችላል፤ የትውልድ ማስረጃውን የሚሰጠውም ይኸው ቤት ነው። ኩባንያው ደግ ወይም ክፉ መሆኑ እዚህ ላይ አያከራክርም። የሚያሳስበው፣ ማስረጃ ሰጪውና የሚመሰከርለት አንድ ሲሆኑ የሚያመሳክር ሦስተኛ ወገን መጥፋቱ ነው።

የመዝገቦቹ ምርጫ እዚህ ላይ ይወስናል። ፓይፒአይ በጊትሀብ ጀምሮ፣ በኤፕሪል 2024 ጊትላብን፣ ጉግል ክላውድንና አክቲቭስቴትን ጨምሯል። ኤንፒኤም በጁላይ 2025 ሲጀምር ከራሱ ቤት ውጭ የተቀበለው ጊትላብን ብቻ ነበር፤ ፕሮጀክቶች በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬዷቸውን የመገንቢያ ማሽኖች ደግሞ አልተቀበለም። በዚያው ዓመት መጨረሻ አሮጌዎቹን ቶክኖች ሲሽር፣ ለአዲሶቹ የማተሚያ ቶክኖች የሰጣቸው ዕድሜ ቢበዛ 90 ቀን ነው። እርምጃው ትክክል ነው፤ ሻይ ሁሉድን የመሰለ ተባይ የሚመገበው በተረሱ ቶክኖች ነበርና። ሸክሙ ግን እኩል አልተከፋፈለም። በርሊን ባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ኮድበርግ ኮዱን ያስቀመጠ ወይም በራሱ ሰርቨር የሚሠራ ፈቃደኛ በየሦስት ወሩ አዲስ ቶክን በእጁ እየወሰደ መተካት ይኖርበታል። የዚግ ቋንቋ ፕሮጀክት በኖቬምበር 2025 ጊትሀብን ለቆ ወደ ኮድበርግ ሲሄድ እንደታየው፣ እንዲህ ያሉት ጥቂቶች ሆነው አይቀሩም። ፓይፒአይ የሄደበት መንገድ ለሌሎቹም መዝገቦች ክፍት ነው፦ ማስረጃ የመስጠት መብትን ለብዙ ቤቶች ማካፈል፣ ከዚያም የሚያመጡትን ማስረጃ በአንድ መለኪያ መመርመር። ኤንፒኤም ይህን በቶሎ ካላደረገው፣ በራሳቸው ማሽን የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ለሌባ የተመቸውን ለወራት የሚቆይ ቶክን ይዘው የሚቀሩ የመጨረሻዎቹ ይሆናሉ።